ከዘመቻው በኋላ ያለው ዕድሜዬ ለምን ደበዘዘብኝ?

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኝነት በጡረታ የተሰናበቱና ራሳቸውን «የቀድሞ ዘማች» ብለው የጠሩ የ69 ዓመት አንባቢ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ይላል፦

«በ1967 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ጎጃም ገጠር ተልኬ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያረፍንበት ቤት ደጃፍ፣ የባለቤቱ ውሻ ስም፣ ማታ ማታ የምንሞቀው እሳት ጭስ፣ ፊደል ያስቆጠርኳቸው አዛውንት ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ይመጣብኛል። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት በአንድ ቢሮ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን ተለይተው የሚታዩኝ ቀናት ጥቂት ናቸው። ያገባሁት በ36 ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የልጆቼ መወለድ እንኳ እንደ ዘመቻው ጎልቶ አይታየኝም፤ በዚህም አፍራለሁ፤ እነሱን አሳንሼ ወድጄ ይሆን? ባለቤቴ ‹የምታወራው ሁሉ እኔ የሌለሁበትን ዘመን ነው› ትለኛለች። ልጆቼ ደግሞ ‹አባባ የድሮውን ማንሳት አብዝቷል፤ የመርሳት በሽታ እየጀመረው ይሆን?› እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። በዚህ ላይ ከአንድ የዘመቻ ጓደኛዬ ጋር ተቀያየምን። የመሬት አዋጁን በሬዲዮ የሰማነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን እንደነበር አልጠራጠርም፤ እሱ ግን ወንዝ ዳር ነበርን ብሎ ይምላል። ከዚያ ጓደኞቻችን መካከል በኋላ በቀይ ሽብር ያለቁ ስላሉ ነገሩ ያመኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

ፍርሃት ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ሌላው ምክር ጆሮ ስለማያገኝ፣ ልጆችዎን ያሳሰባቸውን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። የ69 ዓመት ሰው የ18 ዓመት ዕድሜውን አጥርቶ ማስታወሱና ደጋግሞ ማንሳቱ በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም። የመርሳት በሽታ ሲጀምር ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተውለው ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው ጠዋት የተነገረውን ከቀትር በፊት ይዘነጋል፤ መልስ ያገኘበትን ጥያቄ መልሶ መላልሶ ይጠይቃል፤ በሚያውቀው ሰፈር መንገድ ይጠፋበታል፤ ለዓመታት ሲሠራው የኖረው ሒሳብ ይምታታበታል። በደብዳቤዎ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም፤ ደብዳቤው ልጆችዎ የተንሾካሾኩትን ሳይቀር ቃል በቃል የያዘ፣ ሐሳቡም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ነው። ይህን ስል ግን የጥንቱን ማስታወስ የጤንነት ማረጋገጫ ነው ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 እንደጻፈው፣ የማስታወስ ችሎታ በበሽታ ሲጎዳ በአብዛኛው ቀድሞ የሚጠፋው አዲሱ ትዝታ ሲሆን አሮጌው ግን ይቆያል። ስለዚህ ልጆችዎ ከላይ ካነሳኋቸው ምልክቶች አንዱን እንኳ አይተው ከሆነ ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂዱ፤ ካላዩ ግን የእርስዎን ጨዋታ እንደ ሕመም መቁጠሩን ይተዉ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አረጋውያን ያለፈውን ማንሳታቸው እንደ መጃጀት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ይህ ሰው ኑሮውን መለስ ብሎ የሚመረምርበትና በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ የአእምሮ ሥራ መሆኑን አስረድቷል። እኔም ለልጆችዎ የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልለፍ። የወጣትነት ዘመን ከሌላው ዕድሜ ደምቆ መታየቱ በእርስዎ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ጥናት 75 ቃላትን በየወረቀቱ ጽፎ አንድ በአንድ እየገለጠ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስታውሰው መዝግቦ ነበር፤ ዘመናቸውን ለመለየት ከቻላቸው ሐሳቦች ከአሥሩ የአራቱ ያህል መነሻ በልጅነቱና በወጣትነቱ ውስጥ ሆኖ አገኘው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ አሜሪካዊው ዴቪድ ሩቢን ከባልደረቦቹ ጋር በዚሁ ዓይነት መንገድ የተሰበሰቡ የብዙ ሰዎችን ትዝታዎች አንድ ላይ አድርጎ ተመለከተ። ከመካከለኛ ዕድሜ ያለፉ ሰዎች የሚያነሷቸው ትዝታዎች በየዕድሜያቸው ሲደረደሩ የቅርቡ ጊዜ በርከት ይላል፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ሲደርስ ግን እንደገና ከፍ ብሎ ጉብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት ከጃፓን፣ ከቻይና፣ ከባንግላዴሽ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የተውጣጡ ሰዎች ተጠይቀው፣ በይዘቱ ትዝታቸው የየአገራቸውን ባህል ቢመስልም፣ ይህ የወጣትነት ከፍታ በአምስቱም ዘንድ ተገኝቷል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ግን ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ የመጀመሪያ ነገሮች ብዛት ነው። ዘመቻው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ፣ እርስዎ ምናልባት ከእናትዎ ቤት ውጭ ለወራት ሲያድሩ ያ የመጀመሪያዎ ነበር። ለራስዎ ማብሰል፣ በባዕድ ቤት መደብ ላይ መተኛት፣ አባትዎን የሚያህል ሰው «መምህር» ብሎ ሲጠራዎት መስማት፣ የገበሬን ኑሮ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጃፉ ማየት፣ ስለ ፍትሕና ስለ መሬት ከእኩዮችዎ ጋር እስከ ሌሊት መከራከር፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የደረሰብዎት። በዚያው መካከል የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ፤ ለዓመታት «መሬት ላራሹ» ሲባል የቆየው ነገር ዘማቹ በቆመበት መሬት ላይ ተፈጻሚ መሆን ጀመረ። አእምሮ እንዲህ ያለውን ቀን ከቀድሞው ቀን ጋር የሚያዛምድበት ነገር ስለሌለው ለብቻው ያኖረዋል፤ ደጋግሞም ስለሚያስበው መልሶ የሚያገኝበት መንገድ ይበዛለታል። የአንድ ነገር ጅማሬ ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ ረጅም ዘመን ማወዳደርም አያስፈልግም፤ ዴቪድ ፒለመር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ስለ መጀመሪያው ዓመት ትምህርታቸው ሲጠይቁ፣ ከዚያ ከአንዱ ዓመት ውስጥ እንኳ ትዝታቸው የተከማቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከማንነት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ምን እንደሚያምን፣ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ምን ዓይነት ሰው ሊሆን እንደሚፈልግ ይወስናል፤ የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰንም የወጣትነትን ዋና ትግል በዚህ ነው የገለጠው። በኋላ ዘመን «እኔ ማነኝ?» ብለን ራሳችንን በጠየቅን ቁጥር መልሱን የምንፈልገው ያ ውሳኔ ከተወሰነበት ዘመን ስለሆነ፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እርስዎም እነዚያን አዛውንት የሚያስታውሷቸው እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ብቻ አይመስለኝም፤ ለሌላ ሰው የሚጠቅሙ ሰው መሆንዎን ያወቁት በዚያች ቀን ስለሆነ ነው። የወጣት አእምሮ ብርታት፣ ማኅበረሰቡም ትልልቅ የሕይወት ምዕራፎችን በዚያ ዕድሜ እንዲሆኑ መጠበቁ፣ ታሪኩም ከጓደኛ ጋር ደጋግሞ መወራቱ የየራሳቸውን ያክሉበታል።

ዕድሜ ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማተኩረው በእነዚህ ላይ ነው። ማርቲን ኮንዌይና ሻምሱል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በዕድሜ የገፉ የባንግላዴሽ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ከተለመደው የወጣትነት ከፍታ በተጨማሪ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ነፃነቷን ለማግኘት በተዋጋችበት ዘመን ላይ ሁለተኛ ከፍታ አግኝተዋል፤ ሰዎቹ በዚያን ጊዜ ወጣትነታቸውን አልፈው ጎልማሶች ነበሩ። ሮበርት ሽራውፍና ዴቪድ ሩቢን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አረጋውያንን አጥንተው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የተሰደዱት ሰዎች ትዝታ የሚበዛው በስደቱ ዘመን አካባቢ ሆኖ አግኝተውታል። ከአገር ርቀው በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚያነቡን ወገኖች ይህን ከራሳቸው ኑሮ ያውቁት ይሆናል፤ ብዙ የዕለት ተዕለት ነገር የተረሳቸው ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ማን እንደተቀበላቸው፣ ምን ለብሰው እንደነበር ይናገራሉ። እንግዲህ ትዝታን የሚያደምቀው ኑሮ ሲለወጥ ነው፤ ወጣትነትም ለውጥ የሚደራረብበት ዘመን ስለሆነ ይደምቃል።

የቢሮው 27 ዓመትም የደበዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ መንገድ ሺህ ጊዜ የተመላለሰ ሰው መንገዱን ጠንቅቆ ያውቃል እንጂ እያንዳንዱን ጉዞ አያስታውስም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የነበረው ሩጫ፣ የኦዲተር ጥያቄ፣ የማይገጥም ሒሳብ ፍለጋ ማምሸት በየዓመቱ ስለተመላለሰ፣ 27ቱ ሰኔዎች ተዋሕደው አንድ ሰኔ ሆነዋል። ያ ዘመን ግን አልጠፋም፤ ወደ ዕውቀትና ወደ ልማድ ተለውጧል። ዛሬም አንድ ሰነድ ገልጠው ስሕተቱን በዓይንዎ ለይተው የሚያወጡ ከሆነ፣ ያ ዘመን በእጅዎ ላይ አለ ማለት ነው። ከዚህ አልፎ ተለይተው የሚታወሱ ቀኖችም እንደሚገኙ እገምታለሁ፤ የሚያስነሳቸው ነገር አጥተው ይሆናል። እስኪ ስለ «ቢሮ» በጅምላ ማሰብዎን ትተው አንድን ሰው፣ አንድን ክፍል ወይም አንድን ጠብ ይዘው ይነሱ፤ የመጀመሪያ አለቃዎን፣ አዲስ ሕንፃ የተዛወሩበትን ሳምንት፣ አብሮዎት ይሠራ የነበረ ሰው ያረፈበትን ቀን። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል።

ልጆችዎን አሳንሰው ወድደው እንደሆነ የጠየቁትን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። ይህን ሐሳብ እባክዎን ያስወግዱት። የትዝታ ድምቀት ፍቅርን አይመዝንም። የልጆችዎን ልደት ያዩት ኃላፊነት በተደራረበበት፣ እንቅልፍ ባነሰበት፣ አንዱ ልጅ ሲታመም ሌላው በሚያለቅስበት ዘመን ነው፤ እያንዳንዱ ቀንም ከሚቀጥለው ጋር ይመሳሰል ነበር። ፍቅር በአብዛኛው የሚገለጠው በዚህ በሚደጋገመው ነገር፣ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት በማድረስ፣ በየወሩ ከደመወዝ ላይ በመቆጠብ ነው፤ አእምሮ ደግሞ አዋሕዶ አንድ የሚያደርገው ይህንኑ የሚደጋገመውን ነው። እነዚያን ወራት በጎጃም ያሳለፉት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆችዎን ግን ያሳደጓቸው በየቀኑ ነው።

ከጓደኛዎ ጋር ስለተቀያየሙበት ጉዳይ ግን ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር እነግርዎታለሁ። አጥርቶ ማስታወስና ትክክል ማስታወስ አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው ኡልሪክ ናይሰር ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 1986 በፈነዳች ማግስት ተማሪዎች ወሬውን የት፣ ከማን፣ ምን ሲያደርጉ ሳሉ እንደሰሙ አስጻፈ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶም እነዚያኑ ጥያቄዎች መልሶ ጠየቃቸው። ከአራቱ አንዱ ያህል በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ሁሉ መጀመሪያ ከጻፉት የተለየ መልስ ሰጡ፤ ብዙዎቹም በመልሳቸው እርግጠኞች ነበሩ። በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው የቀድሞ መልስ ሲታያቸው እንኳ አሁን የሚያስታውሱትን ለመተው ተቸገሩ። ታላላቅ አዋጆችና ታላላቅ አደጋዎች የሚተዉት ትዝታ እንዲህ ያለ ነው፤ ሥዕሉ ይጎላል፣ እርግጠኝነቱ ይጸናል፣ ዝርዝሩ ግን እንደ ማንኛውም ትዝታ ይለወጣል። በተለይም በሃምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የተነገረ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይታደሳል። ስለዚህ እርስዎም ጓደኛዎም አልዋሻችሁም። ምናልባት ሬዲዮኑ የነበረው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሆኖ ክርክሩና ጭፈራው የቀጠለው ወንዙ ዳር ይሆናል፤ ምናልባትም ከሁለቱም የተለየ ነው። አዋጁን አብራችሁ መስማታችሁ ላይ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል። ከዚያ መንደር ከተመለሱት መካከል ይህን ቀን የሚያውቅ ሌላ ሰው ምን ያህል ቀረዎት? ዛሬውኑ ለጓደኛዎ ይደውሉለት፤ ስለ ቦታው ሳይከራከሩ እሱ የሚያስታውሰውን እስከ መጨረሻው ይስሙት።

በቀይ ሽብር ስላለቁት ጓደኞችዎ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ግን የደብዳቤው ክብደት ያረፈው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት በወጣትነት ላይ የሚከማቸው ትዝታ በአብዛኛው የደስታው ነው፤ ሐዘኑ በዚያ ዕድሜ ላይ እንዲህ ተከማችቶ አይገኝም። የእርስዎ ትውልድ ግን ደስታውንም ሞቱንም በአንድ ዕድሜ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቀብሏል፤ ስለ ዘመቻው ሳቅ ሲያወሩ አጠገቡ ያለውን ለቅሶ ሳይነኩ ማለፍ አይቻልዎትም። የዘመቻውን ታሪክ ደጋግመው የሚያነሱት፣ እነዚያ ልጆች በሕይወት የነበሩበት የመጨረሻው ጥሩ ጊዜ እሱ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስማቸውን ለልጆችዎ ይንገሩ፤ አንዱ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ሌላው ምን መሆን ይመኝ እንደነበር ይጻፉላቸው። ትዝታው በፈቃድዎ ሲመጣና ሲሄድ ሐዘን ነው፤ ሐዘንም መብትዎ ነው። ሳይፈልጉት ሌሊት በቅዠት የሚያባንንዎት፣ ድንገት የሰሙት ድምፅ የሚያስደነግጥዎት፣ አንዳንድ ሰፈሮችን ዛሬም የሚሸሹ ከሆነ ግን ይህ ሕክምና ያለው ጉዳት ስለሆነ የአእምሮ ሐኪም ያነጋግሩ። ዓመታት ማለፋቸው ሕክምናውን ከንቱ አያደርገውም።

የባለቤትዎን ቃል መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ከሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው። «እኔ የሌለሁበትን ዘመን» ማለታቸው እውነት ነው፤ እርስዎ ሲያገቡ 36 ዓመትዎ ነበር፤ ያ የደመቀው ዘመን ለሁለታችሁም ካለፈ በኋላ ነው የተገናኛችሁት። በልጅነት የተጋቡ ባልና ሚስት አንዳቸው በሌላው የደመቀ ትዝታ ውስጥ አሉበት፤ እናንተ ግን የላችሁበትም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ስለ ዘመቻው በተወራ ቁጥር እርሳቸው ከበር ውጭ እንደቆዩ ሊሰማቸው ይችላል። እርስዎ 18 ዓመትዎን ሲያወሩ ባለቤትዎም የራሳቸው 18 ዓመት እንዳላቸው አይርሱ። የት ነበሩ? ማንን ይወድዱ፣ ምን ይፈሩ ነበር? አብዮቱ እርሳቸው ቤት በምን በኩል ገባ? ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ኖረው ይህን ጠይቀዋቸው የማያውቁ ከሆነ፣ ስለ ጎጃም ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብለው እርሳቸውን ያዳምጡ። ልጆቻችሁም ይገኙ፤ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ባደረጉት ጥናት የቤተሰባቸውን ታሪክ አብልጠው የሚያውቁ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቤተሰብ ታሪክ ደግሞ የአባት ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የጋራ ዘመናችሁን በዓመት ሳይሆን በኖራችሁባቸው ቤቶች እየከፈላችሁ አብራችሁ አንሡት። ከመጀመሪያው የኪራይ ቤት ይጀምሩ፤ የአከራይዋን ስም፣ የግቢውን ቧንቧ ተራ፣ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን ታደርጉ እንደነበር ይጠያየቁ፤ ፎቶግራፍ ካለ ያውጡት፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ከጀርባው የተጻፈውን ያንብቡት። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳውን ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ያነሱታል፤ በእርስዎ ዘንድ የደበዘዘው በባለቤትዎ ዘንድ ደምቆ ሊገኝ ይችላል። የበኩር ልጃችሁ በተወለደ ዕለት ማን ወደ ሆስፒታል እንዳደረሳችሁ፣ ገንፎውን ማን እንዳገነፋ፣ እርስዎ ሕፃኑን ሲቀበሉ ምን እንዳሉ ባለቤትዎ ሳያውቁ አይቀሩምና፣ ይህን ዛሬ ማታ ይጠይቋቸው።